ከቦርድ ስብሰባ እስከ ኦሎምፒያ፦ ለትምህርት ሕግ የሚሟገት የቦርድ አባል መመሪያ

የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት ወዳለባት ኦሎምፒያ ኮሚቴ ፊት ልናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበትን ቀን ሳስታውስ እስካሁን በራሴ እስቃለሁ። አራት ገጽ ጽፌ፣ ሌሊቱን ስለማመደው አድሬ ነበር የሄድኩት። ተራዬ ደርሶ ማይኩ ፊት ስቀመጥ ሰብሳቢዋ «ተናጋሪ ስለበዛ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ነው» አሉ። እኔ እንደ አገራችን ወግ ሰብሳቢዋን አመሰገንኩ። የኮሚቴውን አባላት አመሰገንኩ። ከየት እንደመጣሁ ተናገርኩ፣ ስለ ከተማችንም ትንሽ አወራሁ። ወደ ጉዳዩ ልገባ ስል ደቂቃዋ አለቀች። ስለ ልጆቹ ትንፍሽ ሳልል ተነሳሁ።

ይህ መመሪያ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ነው። በዋሽንግተን ስቴት ለትምህርት ቤት ቦርድ ከተመረጡ ወይም ለመወዳደር ካሰቡ ያንብቡት። ሌላ ስቴት ላሉ ቀኑና ቁጥሩ ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይቀራረባል። በነገራችን ላይ እዚህ ስቴት የቦርድ አባል በሕግ የሚጠራው «ዳይሬክተር» ተብሎ ነው። አገር ቤት ላሉት እናትዎ ግን ዳይሬክተር ሆንኩ ብለው አይንገሯቸው። ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ይመስላቸውና ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ።

1. የቱ ጉዳይ የት እንደሚወሰን ይለዩ

ወላጅ ደውሎ ይቆጣል። የክፍሉ ተማሪ በዛ፣ የንባብ አስተማሪዋ ተቀነሰች፣ አውቶቡሱ ዘገየ። እርስዎም ቦርዱ ሁሉን የሚችል ይመስልዎታል። ከዚያ በጀቱን ሲያዩ የገንዘቡ ትልቁ ምንጭ ስቴቱ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ መጀመሪያ ይለዩት። ይህ በቦርዳችን ድምፅ የሚፈታ ነው? ወይስ ኦሎምፒያ መሄድ አለበት?

የሚከራከሩበት መሠረት ጠንካራ ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ገና ከመነሻው፣ በግዛቱ ለሚኖሩ ልጆች ሁሉ ትምህርት በቂ ገንዘብ ማቅረብ የስቴቱ ዋነኛ ግዴታ ነው ይላል። ይህ ቃል ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወላጆች ስቴቱን ከሰሱ። መዝገቡ «መክሊሪ» በሚል ስም ይታወቃል። በ2012 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቴቱ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ፈረደ። ምክር ቤቱ ሲዘገይ በ2014 ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ። በኦገስት 2015 ደግሞ በቀን 100,000 ዶላር ቅጣት ተጣለ። መዝገቡ የተዘጋው በ2018 ነው። ይህን ታሪክ የማያውቅ የምክር ቤት አባል የለም ማለት ይቻላል። እርስዎም ይወቁት።

ሌላው መለየት ያለብዎ የጥያቄዎን ክብደት ነው። ተራ ሕግ ለማሻሻል በሁለቱም ምክር ቤቶች (በሴኔትና በተወካዮች ምክር ቤት) አብላጫ ድምፅ ይበቃል። የትምህርት ቤት ግንባታ ቦንድ (ብድር) ግን ለማለፍ ከመራጩ 60 በመቶ ይፈልጋል፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ነው። እሱን ዝቅ ለማድረግ በየምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን አንዱ የአንድ ክረምት ሥራ ነው፣ ሌላው የዓመታት።

2. የቦርድዎን ድምፅ ይዘው ይሂዱ

ብቻዎን የሚሄዱ ከሆነ አንድ ሐሳብ ያለው ሰው ነዎት። ቦርዱ በስብሰባ ድምፅ ሰጥቶበት ከሄዱ ግን የአንድ ዲስትሪክት (ቦርዱ የሚመራው የትምህርት ቤቶች ክልል) ሕዝብ ቃል ይዘዋል። ስለዚህ በበልግ፣ ማለትም በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ የቦርዱ የሕግ ቅድሚያዎች ዝርዝር በድምፅ እንዲጸድቅ ያድርጉ። ከሦስት ባይበልጥ ይመረጣል። አሥራ ሁለት ነጥብ ያለው ዝርዝር አይቻለሁ፣ የሚያነበው ሰው ግን አላየሁም። ማን በቦርዱ ስም እንደሚናገርም አብሮ ይወሰን። ቦርዱ አቋም ባልያዘበት ጉዳይ መናገር ካለብዎ «ይህ የግሌ ሐሳብ ነው» ማለት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የስብሰባ ሕጉ ነው። አብዛኛው ቦርድ አምስት አባል አለው። ሦስታችሁ በአንድ መኪና ወደ ኦሎምፒያ ብትሄዱ ምልዓተ ጉባኤ ሞላ ማለት ነው። አብሮ መጓዝ በራሱ አይከለከልም። የተከለከለው መንገድ ላይ የቦርዱን ሥራ መወያየት ነው፤ በሕጉ ዓይን ውይይቱ ራሱ «እርምጃ» ነውና። ስለ ልጆቻችሁ፣ ስለ ሰርግ፣ ታኮማ ላይ ስለሚቆመው ትራፊክ አውሩ። ስለ ሱፐርኢንቴንደንቱ (የዲስትሪክቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ) ኮንትራት አታውሩ።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ዲስትሪክቱ በሥራው ጉዳይ ምክር ቤቱን ማነጋገር ይችላል፣ የሎቢ (የማግባባት) ወጪውንም ፐብሊክ ዲስክሎዠር ኮሚሽን ለሚባለው መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ ያሳውቃል። የዲስትሪክቱን ኢሜይል፣ መኪናም ሆነ ወረቀት ለምርጫ ዘመቻ መጠቀም ግን ክልክል ነው። የእርስዎ ጉዞ የት እንደሚመደብ የዲስትሪክቱን ጠበቃ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሦስተኛው የእኛ የሐበሾች ነው። ባዶ እጅ መሄድ ያሳፍረናል። በዲስትሪክቱ ገንዘብ ለምክር ቤት አባል ስጦታ መግዛት አይቻልም። በራስዎ ገንዘብም ቢሆን ያቺን አንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ቤት ይተዋት።

3. ቀኑን ይያዙ

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። የምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ የሚጀምረው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ነው። እኔ የማስታውሰው በዘዴ ነው፤ ሁልጊዜ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ ይውላል። በጎደሎ ቁጥር ዓመት 105 ቀን ይቆያል፣ የሁለት ዓመቱ በጀትም የሚጻፈው ያኔ ነው። በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን ብቻ ነው፣ በጀቱም ይከለሳል እንጂ አዲስ አይጻፍም። ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሐሳብ ካለዎት የ105 ቀኑን ዓመት ያስቡ።

ረቂቅ ሕጎች አስቀድመው መመዝገብ የሚጀምሩት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ነው፣ ኅዳር ጽዮን እንዳለፈ። ስለዚህ ሐሳብዎን የሚያቀርብልዎ የምክር ቤት አባል ማግኘት ያለብዎ ከዚያ በፊት ነው። ለእኔ ምርጡ ወቅት ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ትምህርት ተጀምሯል፣ ምክር ቤቱ ገና አልተሰበሰበም፣ አባላቱም በየሰፈራቸው ናቸው። ወደ ትምህርት ቤት ይጋብዟቸው። አዲሱን ጂም አያሳዩዋቸው። የሚፈስሰውን ጣሪያ፣ ኮሪደር ላይ የሚያስተምረውን የንግግር ቴራፒስት ያሳዩዋቸው። አንድ ሴናተር ኮሪደር ላይ ቆሞ ያየውን ነገር እንደ አሥር ገጽ ሪፖርት አይረሳውም።

ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ የሚገዙዎ ቀነ ገደቦቹ ናቸው። ረቂቁ በዚህ ቀን ከኮሚቴ ካልወጣ፣ በዚህ ቀን ከገንዘብ ኮሚቴ ካልወጣ፣ በዚህ ቀን ከተነሳበት ምክር ቤት ካላለፈ ለዚያ ዓመት ያበቃለታል። በ60 ቀኑ ዓመት የመጀመሪያው ቀነ ገደብ በሦስት ሳምንት ገደማ ከች ይላል። ዝርዝሩን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ አትመው ፍሪጅዎ ላይ ይለጥፉ።

ሌላም ዕድል አለ። በስቴቱ 295 የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ። የቦርድ አባሎቻቸው በአንድ ማኅበር ውስጥ ናቸው፣ የዋሽንግተን ስቴት የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች ማኅበር ይባላል። በየዓመቱ ተሰብስበው የጋራ አቋም በድምፅ ያጸድቃሉ። የእርስዎ ጥያቄ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ብዙ ጩኸት ያተርፋል።

4. ረቂቁን ራስዎ ያንብቡት

ረቂቅ ሕግ ቁጥር አለው። ከተወካዮች ምክር ቤት የሚነሳው ከ1000 ጀምሮ ይቆጠራል፣ ከሴኔት የሚነሳው ከ5000። ቁጥሩን ሲያዩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃሉ። አንዳንዱ ረቂቅ በሌላኛው ምክር ቤት መንትያ አለው፣ እሱንም ይፈልጉ።

ገጹ ላይ የተሰረዘ መስመር የሚወጣው ቃል ነው፣ ከሥሩ የተሰመረበት ደግሞ አዲስ የሚገባው። እንግሊዝኛው ቢያስፈራም እነዚህን ሁለቱን ብቻ ተከትለው ቢያነቡ ብዙው ይገባዎታል። ከጎኑ የኮሚቴው ሠራተኞች የሚያዘጋጁት ማጠቃለያ አለ፣ ለየትኛውም ፓርቲ አያደላም። ወጪውን የሚያሳየውን ሰነድም አይዝለሉ። ብዙ ጊዜ ረቂቅ የሚወድቀው ማንም ስላልወደደው ሳይሆን ያ ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ስላስደነገጠ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ረቂቅ በኮሚቴ ውስጥ ይቀየራል። ትናንት የደገፉት ጽሑፍ ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ቅጂ ይክፈቱ።

5. አንድ ቁጥር፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ ገጽ

ይህን በምሳሌ ላሳይ፣ ምክንያቱም ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ስቴቱ ለልዩ ድጋፍ ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ነበረው። በአንድ ዲስትሪክት ካሉት ተማሪዎች የተወሰነ በመቶ ድረስ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ልጆች ለዲስትሪክቱ ይተዋል። ዲስትሪክቱ ግን በፌዴራል ሕግ እያንዳንዱን ልጅ የማስተማር ግዴታ አለበት። ጣሪያው ከ12.7 በመቶ ወደ 13.5 ወጣ። በ2023 ወደ 15፣ በ2024 ወደ 16 ከፍ አለ። በ2025 በሴኔት ረቂቅ 5263 ጭራሽ ተነሳ።

ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ። ጣሪያው በአንድ ጀምበር አልተነሳም። የቦርድ አባላት፣ ወላጆችና ሱፐርኢንቴንደንቶች በየዓመቱ እየተመላለሱ ያንኑ ነገር ተናገሩ።

እንዴት ተናገሩት? ለምሳሌ 10,000 ተማሪ ያለው ዲስትሪክት እንውሰድ። 1,700ው ልዩ ድጋፍ ይፈልጋሉ። ጣሪያው 16 በመቶ ከሆነ ስቴቱ የሚቆጥረው 1,600 ነው። 100 ልጅ ቀረ። «የልዩ ትምህርት በጀት እጥረት አለብን» ከማለትና «100 ልጆቻችንን ስቴቱ አይቆጥራቸውም» ከማለት የትኛው ይሻላል? መቶ ልጅ በዓይነ ሕሊና ይታያል። አራት ክፍል ሙሉ ነው።

ስለዚህ የዲስትሪክቱን የፋይናንስ ኃላፊ ይጠይቁና አንድ ቁጥር ይያዙ፣ የራስዎ ዲስትሪክት ቁጥር። የስቴቱን ጠቅላላ ቁጥር ኮሚቴው ያውቀዋል። ከዚያ አንድ አጭር ታሪክ። ከዚያ አንድ ጥያቄ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ይግቡ፣ የረቂቁ ቁጥር ከላይ በትልቁ ይጻፍ።

ታሪኩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጅ ስም አይጠሩም፣ ይህ የታወቀ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ ግን ትንሽ ነው። «ሦስተኛ ክፍል ያለች፣ በዊልቸር የምትሄድ ኢትዮጵያዊት ልጅ» ካሉ ስሟን የጠሩ ያህል ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርሱ ወሬው ይቀድምዎታል። ወላጅ በራሱ ፈቃድ ራሱ ቢናገር ይሻላል። ኦሎምፒያ ድረስ መሄድ የማይችል ወላጅ ከቤቱ ሆኖ በዙም መናገር ይችላል። አስተርጓሚ ካስፈለገው ኮሚቴውን አስቀድመው ያነጋግሩ።

6. የምክር ቤት አባሉን ማነጋገር

ስቴቱ 49 የምርጫ ክልል አለው። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ይልካል። እርስዎ ቢያንስ ሦስት ሰው አለዎት ማለት ነው፣ ዲስትሪክትዎ ከአንድ በላይ ክልል የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ቀጠሮ የሚሰጡት ረዳቶቻቸው ናቸው። ረዳቱን ያክብሩ። ቀኑን የያዘው እሱ ነው፣ ወረቀትዎን የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። «ሴናተሯ ድምፅ ለመስጠት ገብተዋል፣ እኔ ላነጋግርዎ» ከተባሉ አይከፉ። ያው ነው፣ አንዳንዴም ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ያደግነው ደጅ ጥናት በሚባል ባህል ውስጥ ነው። ባለሥልጣን በር ላይ ቆመን፣ አንገት ደፍተን፣ ጉዳያችንን በሰምና ወርቅ ጠቅልለን። እዚያ ክፍል ሲገቡ ያን ይርሱት። እርስዎም የተመረጡ ነዎት፣ እሳቸውም የተመረጡ ናቸው፣ የመረጣችሁም ያው ሰው ነው። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ በኮሪደር እየተራመዱ ከሆነ አምስት። በቁጥሩ ይጀምሩ። «የመጣሁት ስለዚህ ረቂቅ ነው። በዲስትሪክታችን ይህን ያህል ልጅ ይነካል። ይደግፉታል ወይ?» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። መልሱ ግን የሚመጣው እዚያ ውስጥ ነው።

«አልደግፍም» ካሉ ምን ቢስተካከል እንደሚደግፉ ይጠይቁ። ይጻፉት። አይከራከሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ረቂቅ የዚያኑ ሰው ድምፅ ይፈልጉ ይሆናል።

7. ኮሚቴ ፊት መናገር

ምዝገባው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ነው። ኮሚቴውን፣ ረቂቁን፣ ከዚያ አቋምዎን ይመርጣሉ፤ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም ሌላ። በአካል፣ በዙም ወይም በጽሑፍ መሆኑን ይመርጣሉ። ለመናገርም ሆነ አቋምዎን ብቻ ለማስመዝገብ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ምዝገባው ይዘጋል። የጽሑፍ አስተያየት ግን ስብሰባው ከጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቀበላሉ። ያኔ ይህን ባውቅ አራቱ ገጽ ከንቱ አይቀሩም ነበር።

በአካል ከሄዱ የሴኔቱ ኮሚቴዎች የሚሰበሰቡት ቸርበርግ ሕንፃ ውስጥ ነው፣ የተወካዮቹ ኦብራየን ሕንፃ ውስጥ። ጉልላት ያለው ትልቁ ሕንፃ መሐል ላይ ነው፣ ፎቶ ለማንሳት ጊዜ ይተርፍዎ ይሆናል። ከሲያትል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን በኪሎ ሜትር አይለኩት። ጠዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ይስጡት። ከሥር ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ።

ንግግሩ፣ ያ ጣሪያ ከመነሳቱ በፊት ቢሆን፣ እንዲህ ይመስላል፦

«ክብርት ሰብሳቢ፣ የኮሚቴው አባላት። ስሜ እገሌ ነው፣ የእገሌ ትምህርት ዲስትሪክት ቦርድ አባል ነኝ። ቦርዳችን ይህን ረቂቅ በድምፅ ደግፏል። በዲስትሪክታችን 1,700 ልጆች ልዩ ድጋፍ ያገኛሉ። ስቴቱ የሚቆጥረው 1,600ውን ነው። የመቶውን ልጆች ወጪ ለመሸፈን ሁለት የንባብ አስተማሪ ቀንሰናል። ጣሪያው እንዲነሳ እንጠይቃለን። አመሰግናለሁ፣ ለጥያቄ ዝግጁ ነኝ።»

አለቀ። ቀስ ብለው ቢያነቡትም ከደቂቃ አያልፍም። ምስጋናው አንድ መስመር ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ስለ አክሰንትዎ አይጨነቁ። ሰው የማይሰማው በአክሰንት ሳይሆን በፍጥነት ነው። እኛ ስንፈራ እንፈጥናለን።

ከእርስዎ በፊት ያለው ሰው የእርስዎን ነጥብ ቢናገርብዎስ? «ከፊቴ የተናገሩት ባሉት እስማማለሁ» ብለው ቀጥታ ወደ ራስዎ ቁጥር ይሂዱ። የማያውቁትን ከጠየቁዎት አይፍጠሩ። «ዛሬውኑ አጣርቼ እልካለሁ» ይበሉ፣ ከዚያ ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ ለፋይናንስ ኃላፊው ይደውሉ።

8. ከዚያ በኋላ

ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ «ኤግዘኪዩቲቭ ሴሽን» ይባላል። ለቦርድ አባል ይህ ስም ያደናግራል። በቦርድ ስብሰባ ኤግዘኪዩቲቭ ሴሽን ማለት በር ተዘግቶ የሚደረግ ውይይት ነው። ኦሎምፒያ ላይ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ያያል፣ ቲቪደብልዩ በሚባለው ጣቢያም ይተላለፋል። መናገር ብቻ አይችሉም። አንድ የማውቀው ሰው ዝግ መስሎት ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ከኮሚቴ ሲወጣ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ የበጀት ኮሚቴ ይገባል። ቀጥሎ የሩልስ ኮሚቴ (ወደ ጠቅላላ ጉባኤ የሚወጣውን ረቂቅ የሚመርጠው) ነው፣ ብዙ ረቂቅ ጸጥ ብሎ የሚተኛበት። እዚያ ሲደርስ ለሦስቱ ሰዎችዎ አጭር ኢሜይል ይላኩ፣ ረቂቁ እንዲወጣ እንዲጠይቁ። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ከዚያ ሌላው ምክር ቤት፣ እንደገና ከሀ። ሁለቱም ካለፉት ወደ ገዥው ይሄዳል። ገዥው በስብሰባው ወቅት አምስት ቀን አላቸው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለደረሳቸው 20 ቀን፣ እሁድ ሳይቆጠር። ሙሉውን ባይጥሉትም ከውስጡ አንድ ክፍል ሊሰርዙ ይችላሉ፣ ስለዚህ ለእሳቸውም ደብዳቤ ይጻፉ።

በጎደሎው ዓመት ያላለፈ ረቂቅ አልሞተም፣ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሊነሳ ይችላል። በሙሉ ቁጥሩ ዓመት ካላለፈ ግን አዲስ ቁጥር ይዞ እንደገና ይጀምራል።

ወደ ቤት ሲመለሱ በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ማን ምን እንዳለ ሪፖርት ያድርጉ። ወላጆቹንም ይንገሯቸው፣ በተለይ የተናገሩትን። ለረዳቶቹ በስማቸው የምስጋና ካርድ ይጻፉ። ያቺን አንድ ገጽ ግን አይጣሏት። በበልግ አዲሱ የተማሪ ቆጠራ ሲወጣ ቁጥሩን ብቻ ይቀይሩ፣ ከዚያ ከመስቀል በኋላ ላለው ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ።